ፍልሰታ በመንገድ ሲይዝ የት ልቁረብ? ምን ልብላ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የነገረ መለኮት ተማሪና ዲያቆን ነኝ። በክረምቱ ዕረፍት ከናይሮቢ ተነሥቼ በዳሬሰላምና በሉሳካ አድርጌ እስከ ጆሃንስበርግ እጓዛለሁ። ፍልሰታ መንገድ ላይ ይይዘኛል። «ኦርቶዶክስ» የሚል ባገኘሁበት ሁሉ መቁረብ እችላለሁ? ጾሙንስ በእንግዳ ማዕድ እንዴት ልጠብቀው?

መልስ፦ ልጄ፣ በር ላይ የተጻፈው ስም አይበቃህም። ናይሮቢና ጆሃንስበርግ የራሳችን አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ አስቀድመህ እነርሱን ፈልግ። ካልተመቸህ ወደ ቅብጦች፣ ማለት ወደ ግብፅ ኦርቶዶክሶች፣ ሂድ። በሃይማኖት አንድ ነን፤ ትቆርባለህ። ናይሮቢም ሉሳካም አሉ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የግሪኮቹ ጋ ነው። በኬንያ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስክንድርያ የግሪክ ፓትርያርክ ሥር ያሉ ብዙ ምእመናን አሉ፤ ካህናቱም ኬንያውያን ናቸው። ከ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ግን በምሥጢራት አንገናኝም። ጸሎታቸው ላይ መቆም፣ ናይሮቢ ሪሩታ ያለውን ሴሚናሪያቸውን መጎብኘት ትችላለህ፤ አትቆርብም። «የማን ናችሁ?» ብትል ሁለቱም «የእስክንድርያ፣ የማርቆስ» ይሉሃል። የፓትርያርኩን ስም ብትጠይቅም አያወጣህም፤ የቅብጡ ታዋድሮስ ዳግማዊ፣ የግሪኩ ቴዎድሮስ ዳግማዊ፣ ስሙ ያው አንድ ነው! በቀጥታ «ቅብጥ ናችሁ ወይስ ግሪክ?» በል።

ደቡብ አፍሪካ ስትደርስ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» የሚል ስም ታያለህ። ማንጌና ሞኮኔ በ1892 እ.ኤ.አ. ከሜቶዲስት ፕሮቴስታንቶች ተለይቶ ፕሪቶሪያ ላይ የመሠረተው እንቅስቃሴ ፍሬ ነው፤ ስሙን ያገኘው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር ነው። በአክብሮት ጎብኛቸው እንጂ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አይደሉም።

የንስሐ አባትህንና የኮሌጁን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ያለበት፣ የክርስትና ስምህና ማዕርግህ የተጻፈበት ያዝ። ለካህኑ በዋዜማው ስጠው። ቅዳሴ ከተገባ በኋላ «ዲያቆን ነኝ» ብትል ልብሰ ተክህኖ አይሰጡህም፤ ልክም ናቸው። ቅብጦች ለቁርባን የሚጾሙት ቢያንስ 9 ሰዓት ነው፤ አንተ ግን 18ህን ጠብቅ።

ጾሙ ከቅብጦች ጋር በቀን ይገጥማል፤ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። እነርሱ ግን በፍልሰታ ዓሣ ይበላሉ። ካቀረቡልህ አመስግነህ እለፈው፤ አትፍረድባቸውም። ግሪኮቹ በዓሉን የሚያከብሩት ነሐሴ 9 ስለሆነ በዚያ ቀን ግብዣ ብታይ እንዳትሳሳት።

ምግቡ አያስቸግርህም። ኡጋሊ፣ ዛምቢያ ውስጥ ንሺማ የሚሉት፣ የበቆሎ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። የሚያሳስተው ማባያው ነው፤ ጎመኑ በሥጋ መረቅ ሊሠራ ይችላል፣ ዛምቢያ ላይ ካፔንታ የሚባል ትናንሽ ደረቅ ዓሣ ይጨመርበታል። በኦቾሎኒ የተሠራውን ጎመን ጠይቅ። ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ብዙ ጊዜ ወተትና እንቁላል አለበት። ኬንያ «ሻይ» ብትል ከወተት ጋር የፈላ ነው የሚመጣልህ፤ ወተት የሌለውን ለማግኘት «ቻይ ያ ራንጊ» በል።

በሰዓትም ተጠንቀቅ። በስዋሂሊ «ሳ ቲሳ» ማለት እንደኛው ተሲያት 9 ሰዓት ነው። ሰውዬው ያንኑ ቁጥር በእንግሊዝኛ «ናይን» ካለህ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ቅዳሴ የሚያመልጠው በዚህ ነው።

ሐኪም ለወባ መከላከያ አቶቫኮን-ፕሮጉዋኒል ካዘዘልህ ከምግብ ጋር፣ ቢቻል ቅባት ካለበት ጋር፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይወሰዳል። ጾሙ የሚፈታበትን ተሲያት 9 ሰዓት ምረጥለት፤ ኦቾሎኒው ቅባት ይሆንሃል። ቅዳሜ በ9 ሰዓት በልተህ ከዋጥከው እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 18ቱ ይሞላል። ከታንዛኒያ ወደ ዛምቢያ ስትሻገር ሰዓቱ በአንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ለመድኃኒቱ ችግር የለውም። የወባውን አገር ከለቀቅህ በኋላም 7 ቀን ዋጠው፤ ጆሃንስበርግ ደረስኩ ብለህ እንዳታቋርጠው።