ከድሬና ከሐረር ወጥታችሁ በእጃችሁ ሥራ መኖር ለምታስቡ

ሐረር ሸዋ በር ተወልጄ ድሬ ከዚራ አደግኩ። ሜሪላንድ ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ቀን ቀን ፓርኪንግ እየሠራሁ ማታ እስል ነበር። ይኸው 11 ዓመት ሆነኝ፣ ሥዕል ሸጬ ብቻ እኖራለሁ።

ስለዚህ ስልኬ አያርፍም። «እትዬ፣ እኔም እስላለሁ፣ በምን ልጀምር?» ይሉኛል። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ብሩሹን ጥለው ኡበር ይገባሉ። ኡበር መንዳት ነውር የለውም። የሚያናድደኝ ያቆሙበት ምክንያት ነው። ገዢ ስላጡ አይደለም። ግማሹን ሥራ በነጻ ሰጥተው፣ ግማሹን አርክሰው ሸጠው ነው የደከሙት።

1. ወረቀት

የግብሩን ወረቀት ሰው ያካብደዋል እንጂ ቀላል ነው። አሜሪካ ያላችሁ በግል ሠራተኛነት ጀምሩ። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ታስታውቃላችሁ። የግል ሠራተኛው ታክስ 15.3 በመቶ ነው፣ የገቢ ግብሩ ለብቻው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ሩቡን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ደረሰኝ አትጣሉ። ሌላውን የሒሳብ ባለሙያ ጠይቁ።

2. የት ይሸጣል

ኤትሲ የሚባለው የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ አንድ ዕቃ ለአራት ወር ለመለጠፍ 20 ሳንቲም ያስከፍላል። ሲሸጥ 6.5 በመቶ ይወስዳል፣ ለክፍያ ማስተላለፊያ ደግሞ ለብቻው ያስከፍላል። ለትንንሽ ሥራና ለህትመት ቅጂ ይሆናል። ትልቅ ሸራ የሚገዛ ሰው ግን ቀለሙን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ጋለሪ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ይወስዳል። አትደንግጡ፣ ኪራዩን የሚከፍለውም ገዢውን የሚያመጣውም እሱ ነው። ግን ሥራ ስታስረክቡ በጽሑፍ ይሁን። የሥዕሉ ስምና ልክ፣ ዋጋው፣ ከተሸጠ በስንት ቀን እንደሚከፈላችሁ፣ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍ።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ የኛ ሰው ሬስቶራንት ውስጥ ስድስት ሸራ ሰቀልኩ። «ማስታወቂያ ይሆንሻል» ተባልኩ። ወገን ነው ብዬ ወረቀት መጠየቅ አፈርኩ። ከስምንት ወር በኋላ ቤቱ ባለቤት ቀየረ። አራቱ ሥዕሎች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። የተረፉት ሁለቱ የጥብስ ጭስ ጠጥተው ቢጫ ሆነው ነበር። አንደኛው ሥዕል መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ የሜትር ገመዱ አንገቱ ላይ።

መኪና ግርግርን ካነሳሁ አይቀር፦ እባካችሁ ሁላችሁም ጅብ የሚያበላውን ሰውዬ አትሳሉ። ከኢንተርኔት ፎቶ ላይ የጀጎልን በር አትገልብጡ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብሎ ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ፎቶው የሌለው ቱሪስት የለም። እናንተ ግን በሩ ላይ ቆማችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። በስፌት መኪና ድምፅ የተሰየመ መንገድ ላይ ተላልካችኋል። የድሬ ልጅ ከሆናችሁ የከዚራ ዛፎች ጥላ አስፋልቱ ላይ በስንት ሰዓት እንዴት እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ። ያንን ሳሉ። የኔ የተሸጡልኝ እንደነሱ ያሉት ናቸው።

3. ዋጋ

አዲስ የመጣ ሰዓሊ ዋጋ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። «እንደወደዱ» ይላል። እንዲህ አይባልም! ልብስ ሰፊው እንኳ እንደወደዱ አይልም።

ብዙ ሰዓሊ የሚሠራበትን ሒሳብ ልንገራችሁ። የሸራውን ቁመትና ወርድ በኢንች አባዙት፣ በአንድ ካሬ ኢንች የምታስከፍሉትን ወስኑ። 16 በ20 ሸራ 320 ካሬ ኢንች ነው። በ2 ዶላር ብታሰሉት 640 ዶላር ይመጣል። ጋለሪው ግማሹን ሲወስድ 320 ይቀራል። ለሸራና ለቀለም 60 አውጥታችሁ ከሆነ 260። 30 ሰዓት ከፈጀባችሁ በሰዓት ዘጠኝ ዶላር እንኳ አይሞላም። አሁን 640 በዛ? ይህንን ነው በ100 ዶላር የምትሸጡት። ደግሞ ጋለሪ ውስጥ 640 ያላችሁትን ቤታችሁ ለሚመጣ በ300 አትስጡ። ጋለሪው የሰማ ቀን ሁለተኛ በሩን አይከፍትላችሁም።

የኛ ሰው «ለኔማ ቀንሺልኝ» ይላል። ለሠርግ አዳራሽ ሳይከራከር ይከፍላል፣ ለሥዕል ሲሆን ወገንነት ትዝ ይለዋል። ማኅበራት ደግሞ በየዓመቱ ለጨረታ ሥዕል በነጻ ይጠይቃሉ። ከፈለጋችሁ ስጡ፣ ግን አውቃችሁ ስጡ። የሰጣችሁት ሥዕል 1000 ዶላር ቢያወጣም በአሜሪካ ሕግ ሰዓሊው ግብር ከሚከፍልበት ገቢው የሚያስቀንሰው የሸራና የቀለሙን ወጪ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሉን ሸጣችሁ ማለት የመቅዳት መብቱን ሸጣችሁ ማለት አይደለም። ገዢው ቲሸርት ላይ ሊያትመው ከፈለገ በጽሑፍ ተስማምቶ ይክፈላችሁ።

4. የእናቶቻችን ስፌት

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

ብዙዎቻችሁ ከሥዕሉ ጎን ከሳር የሚሠራውን የሐረር ስፌት ትሸጣላችሁ። ክረምት ላይ ትሄዳላችሁ፣ ሻንጣ ሙሉ ታመጣላችሁ፣ ባዛር ላይ ትደረድራላችሁ። ሲገዛ አይቻለሁ። ለዘመድ ሠርግ 200 ዶላር ሳያመነታ የላከ ሰው፣ ጀጎል ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠች እናት ፊት ቆሞ 500 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት ሲከራከር አይቻለሁ። አቦ፣ ምን ነካን? «ደላላ ሊበላኝ ነው» ትላላችሁ። እሷ ደላላ አይደለችም። ሠሪዋ ናት።

ከዚያ እዚህ መጥታችሁ ካርድ ላይ «በእጅ የተሠራ፣ ኢትዮጵያ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በማን እጅ? ሥዕላችሁ ጥግ ላይ ስማችሁን ትፈርማላችሁ፣ የሷስ?

እኔም አድርጌዋለሁ። ያውም በገዛ እናቴ ላይ።

እናቴ ስፌት የተማረችው ጀጎል ውስጥ ከሐረሪ ጎረቤቶቿ ነው። ከእነሱ ቤት ገብታችሁ ነደባው፣ ማለት የመቀመጫው መደብ ላይ ከተቀመጣችሁ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። ልጅቷ ከመዳሯ በፊት የሰፋችው፣ እናቷ የሰፋችው፣ የአያቷ። እናቴ በእንግድነት ገብታ ሰፊ ሆና ወጣች። ስንደዶና አክርማዋን በውሃ ታረጥባለች። በወስፌ ትወጋለች፣ ትስባለች፣ ታጠብቃለች፣ እንደገና ትወጋለች። የአውራ ጣቷ ጫፍ ደንድኖ ነበር። ስትዳብሰኝ ጉንጬን ይፍቀኝ ነበር። እያንዳንዱ ጥለት ስም አለው። ትነግረኝ ነበር፣ እኔ ግን ጆሮ አልሰጠኋትም።

እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት 14 ስፌት ላከችልኝ። ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ነበር፣ ለሦስት ወር የሰፋችው፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለዓመታት የኖረ። የቤት ኪራይ ጎድሎብኝ ነበር። ባዛር ላይ ዘርግቼ ትልቁን በ60 ዶላር ሸጥኩት። ገዢዋ ሴትዮ በእጇ እየዳበሰች «ማን ነው የሠራው?» አለችኝ። «አገር ቤት ያሉ ሴቶች» አልኳት።

እናቴ ናት ማለት ምን ነበረበት?

ለእናቴ 30 ዶላር ላክሁላት። ደስ አላት፣ መረቀችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ትልቅ አልሰፋችም። ዓይኔ ደከመ አለች። በየወሩ የዘይትና የስኳር እልክላት ነበር፣ አልጎደለባትም። የላክሁላት ግን እርዳታ ነው፣ የሥራዋን ዋጋ ከፍያት አላውቅም። ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእጇ ሥራ አንድም እኔ ጋ የለም።

ስለዚህ ስትሄዱ የሚከተለውን አድርጉ። ሴትዮዋ የጠየቀችውን ክፈሉ። ልታዟት ከሆነ ግማሹን አስቀድማችሁ ስጡ፣ ሳሩንም ቀለሙንም የምትገዛው ከኪሷ ነው። ስሟን፣ ስንት ቀን እንደፈጀባት፣ ጥለቱ ምን እንደሚባል በደብተር ጻፉ። ስሟ ካርድ ላይ እንዲወጣ ትፈቅድ እንደሆነ ጠይቋት፣ እዚያው በስልካችሁ ምን እንደሚመስል አሳዩአት። እዚህ ሲሸጥ ደግሞ ድርሻዋን ላኩላት። ጋለሪው ግማሹን ሲወስድባችሁ የምትጮኹት እናንተ አይደላችሁም? ለሷ ግማሹን አስቡላት። ይህ ገንዘብ ለበዓል ከምትልኩት ጋር አይደባለቅ። ለበዓል የምትልኩት ስጦታ ነው፣ ይህ ደመወዟ ነው።

አሮጌ ስፌት ደግሞ ከሰው ግድግዳ አስወርዳችሁ አታምጡ። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ፈቃድ ቢገኝም እንኳ፣ ያ ቤት ግድግዳው ባዶ ይሆናል።

እኔ አሁን የማመጣው ከአራት ሴቶች ነው፣ ካርዱ ላይ አራቱም በስማቸው አሉ። ባለፈው ክረምት ሐረር ሄጄ የእናቴን ጥለት ላስጠይቅ አንድ አሮጌ ፎቶ ይዤ የድሮ ጎረቤቶቻችንን ዞርኩ። ፎቶው ቤታችን ውስጥ የተነሳ ነው። ትልቁ ስፌት ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ይታያል፣ እኔ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ከፊቱ ቆሜያለሁ። አንዲት እናት መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። የዳሩን ወዲያው ስሙን ነገሩኝ፣ ጻፍኩት። የመሐሉን ግን መለየት አልቻሉም። ጭንቅላቴ ሸፍኖታል።