የተናገሩት ከሚጠፋ

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ኦክቶበር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጠበል ጸዲቅ ስንቀምስ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ወደተቀመጥኩበት መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለና ትሑት ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «በአሜሪካ ፉትቦል ስኮላርሺፕ እሰጥሃለሁ ላለኝ ዩኒቨርሲቲ እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። አሁን ግን የዚያ ትምህርት ቤት ተቀናቃኝ የሆነው ሌላው በየቀኑ እየደወለልኝ ነው። ቃሌን ባጥፍ ነውር ነው?»

እኔ በዚህ በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ለ31 ዓመታት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ያጣል ተብዬ አልጠረጠርም። ሆኖም ወዲያው ልመልስለት አልቻልኩም፤ አንድ ሳምንት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ልክ ይህንኑ ጥያቄ ከ20 ዓመት በፊት ሌላ ልጅ ጠይቆኝ ነበርና፣ ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ ድረስ አልለቀቀኝም።

በዚህ ከተማ የምትኖሩ የኖቬምበርን መጨረሻ ታውቁታላችሁ። የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ጨዋታ ሲቃረብ፣ በኦሃዮ ስቴት ግቢ ውስጥ በየሕንፃውና በየምልክቱ ላይ የተጻፈው «ኤም» የተባለው ፊደል በሙሉ በቀይ ቴፕ ይሰረዛል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች መጋጠም የጀመሩት በ1897 ነው፤ የሁለቱ ግዛቶች ጠብ ግን ከኳሱ ይቀድማል፤ በ1835 በቶሊዶ አካባቢ ስላለ መሬት ሚሊሻ እስከ ማሰለፍ ደርሰው ነበር። ወደዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ገና ሥራ ሳላገኝና ሰው ሳልለምድ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም የሱቁ ሠራተኛም ያለ አንዳች መግደርደር ያናገሩኝ ስለዚህ ጨዋታ ነበር። እኔም ቀዩን ሹራብ ገዝቼ ለበስኩ፣ ወገን ያገኘሁ መሰለኝ። ይህን የምነግራችሁ፣ ባላንጣነት በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ከውስጡ ሆኜ ስለማውቀው ነው። በ1991 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይስማንን ዋንጫ ያገኘው ዴዝመንድ ሃዋርድ የክሊቭላንድ ልጅ ነው፤ በ1997 ያገኘው ቻርልስ ውድሰን ደግሞ የፍሪሞንት ልጅ ነው። ሁለቱም የኦሃዮ ልጆች ሆነው የተሸለሙት ለሚሺጋን ተጫውተው ነው። በዚያን ዘመን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ውድሰን ሲነሳ፣ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት መረጠ የሚል ሰው አልነበረም፤ እንደ ከዳተኛ ነበር የሚወራለት። እኔም አብሬ አወራ ነበር።

ከ20 ዓመት በፊት ወደ ጠየቀኝ ልጅ ታሪክ ልመለስ። ወላጆቹ ከጎንደር በሱዳን በኩል የወጡ ናቸው፤ እሱ በ1987 ካርቱም ተወልዶ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደዚህ መጣ። አባቱ ሌሊት ሌሊት በመጋዘን ዕቃ ይጭን ነበር። ልጁ የሚጫወተው ኮርነርባክ ነው፤ ይኸውም በሜዳው ዳር ቆሞ ኳስ ተቀባዩን እግር በእግር የሚከተል፣ ብዙ ፍጥነትና ከዚያ የሚበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቦታ ነው። ሁለቱም ነበሩት። በ2004 ክረምት፣ በግዛታችን ካሉት መካከለኛ ደረጃ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጠው በቃል ነገረው፤ እሱም በሴፕቴምበር እመጣለሁ ብሎ ቃሉን ሰጠ። ትምህርት ቤቱንም ሆነ ቀጥሎ የማነሣውን ተቀናቃኙን በስም አልጠራም።

በጃንዋሪ 2005 አጋማሽ የተቀናቃኙ ትምህርት ቤት ምክትል አሰልጣኝ ወደ ልጁ ቤት መጣ፤ እኔም ወላጆቹ እንድገኝላቸውና እንዳስተረጉምላቸው ስለ ጠየቁኝ አብሬ ነበርኩ። ሰውየው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። እናትየው ቡና አፈላች፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ሳይቸኩል ጠጣ። ከዚያም በልጁ ቦታ የሚጫወቱ ሦስት ተማሪዎች በዚያው ዓመት እንደሚመረቁበት፣ የሚቀሩት ሁለት ብቻ መሆናቸውን፣ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ሜዳ ሊገባ እንደሚችል፣ «እሺ» ካለ ደግሞ የሚፈርመው ሰነድ በፊርማው ዕለት ጠዋት እጁ እንደሚገባ በቁጥርና በስም እየጠቀሰ አስረዳ። ሊወጣ ሲል ግን አንድ ነገር ተናገረ፦ «አንተን ከእነሱ መውሰድ ለእኛ ሁለት ድል ነው።» ይህን ስተረጉም ሆዴ ሻከረ። ልጁን የፈለጉት ለእልህ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ በፊት የነገረንን ቁም ነገር ሁሉ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጋረደችብኝ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አባትየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ የተማርክ ነህ፣ የአገሩን ሥርዓት ታውቃለህ፣ እንዴት ታየዋለህ?» አለኝ። እኔም ያለ ማመንታት፣ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አልኩ። አባትየው ራሱን ነቀነቀ፤ በዚያ ቤት ከዚህ በላይ የሚከበር ንግግር አልነበረም። ልጁ ግን የሲኒውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ደጋግሞ እያሻሸ ጥቂት ቆየና፣ «ጋሼ፣ እነሱስ ቃላቸውን ይጠብቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጆቼ፣ ከዚያ ምሽት ውስጥ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር፤ የጠየቀውም ከሁላችን ታናሹ ነበር። እኔ «ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ይጠብቃሉ» ብዬ አለፍኩት። የምልመላው ደንብ መጽሐፍ ግን በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የቃል ስምምነት ተጫዋቹንም ትምህርት ቤቱንም እንደማያስር፣ የሚያስረው በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ረቡዕ የሚፈረመው ሰነድ ብቻ እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። በማግስቱ ስልክ አንሥቼ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት አሰልጣኝ፣ «ለዚህ ልጅ የያዛችሁለት ቦታ አሁንም አለ ወይ? በዚህ ዓመት ስንት ሰው ታስፈርማላችሁ?» ብዬ ልጠይቅ እችል ነበር። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጉዳይ ነበር። አልደወልኩም።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2005 ረቡዕ ነበር። አባትየው ከሌሊት ሥራው ወጥቶ፣ ሳይተኛ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ትምህርት ቤት ደረሰ፤ ልጁ ገና 18 ዓመቱ ስለነበር የወላጅ ፊርማም ያስፈልግ ነበርና። በዚያን ጊዜ ሰነዱ በፋክስ ነበር የሚላላከው። የፋክስ መሣሪያው በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጎን፣ በመስኮቱ ሥር ነበር። ሦስታችን አጠገቡ ቆምን። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መሣሪያው ጮኸና ወረቀት መትፋት ጀመረ፤ ልጁ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ የመጣው ግን የወረዳው ጽሕፈት ቤት ስለ አውቶቡስ መስመር የላከው ማስታወቂያ ነበር። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሦስት ሰዓትም አለፈ። አባትየው ኪሱ ውስጥ የያዘውን ብዕር አውጥቶ እንደገና መለሰው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ቁጥሩ ሞልቷል፤ ልጁ ከፈለገ ዘንድሮ በራሱ ወጪ የትም ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ መምጣት ይችላል፤ ያኔ ይታያል፤ ይህ ነበር መልእክቱ። ወደ ተቀናቃኙ ትምህርት ቤት ወዲያው ደወልኩ። ቡናችንን የጠጣው ሰውዬ አዘነ፤ ቦታውን ግን ከአሥር ቀን በፊት ለሌላ ልጅ ሰጥቶት ነበር።

ምን እንደተፈጠረ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ትልቅ ቡድን በጠቅላላው ከ85 ተጫዋች በላይ ስኮላርሺፕ መስጠት አይችልም ነበር፤ በዓመት የሚጀምሩት አዲሶችም ከ25 አይበልጡም። አሰልጣኞች ግን አንዳንዱ ልጅ ሐሳቡን ይቀይራል ብለው በማስላት ከሚችሉት በላይ ቃል ይገባሉ። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ከተቀናቃኙ አንድ ልጅ ሲነጥቅ፣ ቦታውን የተነጠቀው ልጅ ወደ ታች ይወርዳል፣ እሱ ያረፈበት ደግሞ ሌላውን ያፈናቅላል፤ ፍልሚያው ከላይ ሆኖ የሚወድቀው ግን ከታች ያለው ነው። የእኛን ልጅ ቦታ የወሰደው ሰኞ ዕለት ከላይ የተጣለ ሌላ ልጅ ነበር። እሱንም ልወቅሰው አልችልም።

ልጁ ሁለት ሴሚስተር በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማረና አባቱ ወደሚሠራበት መጋዘን ገባ። ከዚያ በኋላ ፉትቦል አልተጫወተም። ዛሬ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ትዳርና ልጆች አሉት፤ ኑሮው ደህና ነው። በ2019 አባቱ ሲያርፍ ለቅሶ ደረስኩ። ልጁ ከድንኳኑ ውጭ ድረስ ሸኘኝና፣ «ጋሼ፣ አባቴ ቃሌን በመጠበቄ እስከ መጨረሻው ይኮራብኝ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል። ለቅሶ ላይ አጽናኝ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለ ትምህርታችሁና ስለ ውጤታችሁ ብዙ አልጽፍም፤ ይህን ከእኔ በፊት መቶ ሰው ነግሯችኋል። ደንቡ የሚጠይቃችሁን 16 ዋና ዋና ኮርሶች፣ 10ሩን ደግሞ ከሰባተኛው ሴሚስተር በፊት መጨረስ እንዳለባችሁ ግን የአማካሪያችሁን በር አንኳኩታችሁ አረጋግጡ፤ በዚህ ብቻ የቀሩ ጎበዞች አይቻለሁ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ያ በፋክስ የጠበቅነው ሰነድ ከ1964 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ በ2024 ቀርቷል፤ አሁን የምትፈርሙት የገንዘብ ድጋፍ ውሉን ነው፤ ዋናው ፊርማም ወደ ዲሴምበር መጥቷል። ከ2021 ወዲህ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው ገንዘብ ማካፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህን እደግፋለሁ፤ የልጆቹ ላብ የሚያወጣው ገንዘብ ነውና። አንዳንዶቻችሁ ግን ገና ያልተመላለሳችሁበትን ትምህርት ቤት በዋጋ ብቻ ስትመዝኑ፣ ካሜራ ፊት የአምስት ትምህርት ቤት ኮፍያ ደርድራችሁ የመረጣችሁትን ስታነሡ፣ በዓመቱ ያንኑ ጥላችሁ ወደ ሌላ ስትሄዱ ሳይ አዝናለሁ። የእኛ ትውልድ አንድ ቦታ መቆየትን እንደ ክብር ያይ ነበር። ይህን ስጽፍ ግን እጄ ይይዘኛል፤ ዛሬ ያለው የዝውውር ነፃነት በ2005 ቢኖር ኖሮ፣ ያ ልጅ በአንድ ትንሽ ቡድን ጀምሮ፣ አንድ ዓመት ከሜዳ ውጭ ሳይቀጣ፣ ወደሚገባው ቦታ መሻገር ይችል ነበር። ስለዚህ መንከራተታችሁን እጠላለሁ፤ መንገዱ እንዲዘጋባችሁ ግን አልፈልግም።

ወደ ተቀናቃኝ መሻገርም ክህደት አይደለም። የሚሺጋንን የፉትቦል ቡድን ለዓመታት ያሰለጠነው ቦ ሼምቤክለር የኦሃዮ ተወላጅ፣ የባርበርተን ልጅ ነበር፤ የኦሃዮ ስቴት አሰልጣኝ የነበረው የዉዲ ሄይስ ተጫዋችም ረዳትም ሆኖ ያደገ ሰው ነው። በ1969 ድንበሩን ተሻግሮ ሄዶ፣ በዚያው ዓመት የገዛ አስተማሪውን 24 ለ 12 አሸነፈ። አሰልጣኞች በፈለጉ ጊዜ ይሻገራሉ፤ ቃል የገባላችሁ ሰው ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል። እንግዲህ አሰልጣኙን በእናንተ ቦታ ስንት ተጫዋች እንዳለው፣ ስንቱ እንደሚመረቅ፣ ከዝውውር ስንት እንደሚያመጣ ጠይቁት። አሁን የብዙ ቡድኖች ብዛት በ105 ስለተገደበና አሰልጣኞች ዕድሜው 22 የደረሰና ልምድ ያለውን ተዘዋዋሪ ስለሚመርጡ፣ ለእናንተ ለታዳጊዎቹ የሚቀረው ቦታ ጠቧል። ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ከአንድ ዓመት በላይ መስጠት ከ2012 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም። ቃላችሁንም ጠብቁ፤ ይህን ተረት ከልቤ ማውጣት አልችልም። ቃል ግን በሁለት ሰው መካከል የሚቆም ነገር ነው፤ አንዱ ወገን ካልያዘው ሌላው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።

በተባባልነው እሑድ የ17 ዓመቱ ልጅና እናቱ ቤቴ መጡ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ቃል ለሰጠው ትምህርት ቤት አሰልጣኝ እንዲደውል ነገርኩት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተ፤ እናቱ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ልጁ አመስግኖ ጀመረና፣ «እኔ ቃሌን እጠብቃለሁ፤ እናንተስ?» አለ። በዚያኛው ወገን ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አሰልጣኙ እንደሚጠብቁ፣ በጽሑፍም እስከ ማክሰኞ እንደሚልክለት ተናገረ። እናትየው «ማክሰኞ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እየጠበቅሁ ነው።