የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጾም ማዕድና የምሽት ገበያ በጃፓን

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ለትምህርት ቶኪዮ ከመጣሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም እጾማለሁ፤ በጾም ዓሣ አልበላም። አትክልት ብቻ ነው ብዬ ስበላው የቆየሁት ሾርባ ዓሣ እንዳለበት ዘግይቼ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር ስለምጠራጠር በጾም ቀን ነጭ ሩዝና ሙዝ ብቻ እየበላሁ ነው። በጃፓን የጾም ምግብ አለን? ካለስ እንዴት ልለየው?
ከቶኪዮ፣ አንዲት ተማሪ

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ፤ እኔም እንደ እርስዎ ሩዝና ሙዝ ላይ ወድቄ ነበር። የጾም ምግብ በጃፓን አለ፤ እንዲያውም ብዙ ነው። እርስዎን ያስቸገረዎት ዳሺ የሚባለው ነገር ነው። ዳሺ ለጃፓን ምግብ እንደ እኛ ቁሌት መነሻ የሆነ ቀጭን መረቅ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚወጣው ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረምና ካትሱኦ ከሚባል ዓሣ ነው፤ ዓሣው ተቀቅሎ፣ በጢስ ታጥኖና ደርቆ እንደ እንጨት ከጠነከረ በኋላ በስሱ እየተላገ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚሶ (የፈላ አኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባው፣ የተቀቀለው ካሮትና ድንች፣ የኑድሉ መረቅ፣ የአትክልት ቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ አትክልት) ማጥቀሻው ሳይቀር ዓሣ የነካው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በአጠያየቃችን ነው። ምግብ አብሳዩን «ዓሣ አለበት?» ብለው ቢጠይቁት «የለበትም» ይልዎታል፤ ሊያታልልዎት ፈልጎ ሳይሆን፣ ለእርሱ ዓሣ ማለት ሳህን ላይ የሚታየው ሥጋ እንጂ መረቁ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ስሙን ጠርተው «ካትሱኦ ዳሺ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ» ብለው ይጠይቁ፤ «ቴ» ጠብቃ ትነበባለች። ትርጉሙ «የካትሱኦ ዳሺ ገብቶበታል ወይ?» ማለት ነው።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ ከዕቃው ጀርባ «ገንዛይርዮ» በሚለው ቃል የሚጀምረውን ዝርዝር ማንበብ ይልመዱ። ዝርዝሩ በክብደት ከሚበዛው ይጀምራል። እንቁላልና ወተት አለርጂ ስለሚያስነሡ በሕግ የግድ ይጻፋሉ፤ ካትሱኦ ግን ከእነዚህ አስገዳጅ የአለርጂ ስሞች ውስጥ አይደለም፤ በመሆኑም የአለርጂ ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። ታማጎ (እንቁላል)፣ ኒዩ (ወተት)፣ ካትሱኦ እና ግዮካይ (የባሕር እንስሳት) የሚሉትን ቃላት ካንጂያቸውን (የጃፓንኛ ጽሕፈት ምልክታቸውን) በትንሽ ወረቀት አስጽፈው ቢይዙ፣ በአንድ ወር ውስጥ ዐይንዎ በራሱ ይለያቸዋል። በዚህ መንገድ ሲያነቡ የሚያስገርምዎት ነገር ይኖራል፤ ለምሳሌ ናቶ የተባለው የፈላ አኩሪ አተር ንጹሕ የጾም ምግብ ሆኖ ሳለ፣ አብራው የምትመጣው ትንሿ የማጣፈጫ ከረጢት ብዙ ጊዜ የካትሱኦ ጭማቂ ያለባት ናት። ከረጢቷን ይተዉና በአኩሪ አተር ሶስ ይብሉት። ሚሶም እንደዚሁ ነው፤ «ዳሺ ኢሪ» የሚል ከተጻፈበት መረቁ አስቀድሞ ተደባልቆበታልና ሌላውን ያንሡ። የዳቦው ነገር ያሳዝናል፤ ለስላሳው የጃፓን ዳቦ አብዛኛው ወተት ወይም ቅቤ አለበት።

ቤት ውስጥ ግን ነጻ ነዎት። 10 ግራም ያህል ደረቅ ኮምቡ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ በቀስታ ያሙቁትና ሊፈላ ሲል ኮምቡውን ያውጡት፤ ከፈላ ይዝለገለጋል። ሺታኬ የተባለውን ደረቅ እንጉዳይ አብረው ቢዘፈዝፉ መረቁ የበለጠ ይጎላል። ያለ ዓሣ ጣዕም የለም የሚልዎትን አይስሙ፤ የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 «ኡማሚ» ብለው የሰየሙትን፣ መረቅን የሚያጣፍጠውን ጣዕም ለይተው ያወጡት ከዚሁ ከኮምቡ ነው። በዚህ መረቅ ላይ ጠንካራውን ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ምግብ ነው፤ ጠንካራው ሞመን ይባላል)፣ ጎመንና ሚሶ ከጨመሩ የጾም ቀን ምሳዎ ሞላ።

ሌላም ልጠቁምዎት። የቡድሃ ገዳማት ለዘመናት ያቆዩት ሾጂን ርዮሪ የሚባል የምግብ ሥርዓት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም። በዋካያማ ግዛት በኮያሳን ተራራ ከሚገኙት ቤተ መቅደሶች ብዙዎቹ እንግዳ ስለሚያሳድሩ ይህንኑ ማዕድ ያቀርባሉ። ለተማሪ ኪስ ውድ ስለሆነ የዘወትር ምግብ አይሆንም፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ቢቀምሱት ለጾም የሚጨነቀው እኛ ብቻ አለመሆናችንን ያያሉ።

ጥያቄ፦ ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የማውቀው ኮንቢኒን (ሌሊትም የማይዘጋውን ትንሽ ሱቅ) ብቻ ስለሆነ ደመወዜ በምግብ አለቀ። ከተማዋንም ከባቡር ጣቢያው ውጭ አላውቃትም። ምን ይመክሩኛል?
ከኦሳካ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ

መልስ፦ ያመሹበት ሰዓት ለእርስዎ የተመቸ ነው። የሱፐርማርኬት የበሰለ ምግብ ክፍል፣ ሶዛይ የሚባለው፣ ለነገ የማይተርፈውን ምግብ ማምሻውን እየቀነሰ ይሸጣል፤ ሠራተኛው መጀመሪያ 20 ወይም 30 በመቶ የሚቀንስ ወረቀት ይለጥፋል፤ መዝጊያው ሲቃረብ ደግሞ «ሃንጋኩ»፣ ማለትም ግማሽ ዋጋ፣ ይሆናል። ሰዓቱ በየሱቁ ስለሚለያይ ሦስት ምሽት በትዕግሥት ይከታተሉ፤ ያልተለጠፈበትን ዕቃ ይዞ «ለጥፍልኝ» ማለት ግን ነውር ነው። ቀኑን ሲያዩ «ሾሂ ኪገን» የሚለው ካለፈ አይብሉት፤ «ሾሚ ኪገን» ግን የጣዕም ጊዜን እንጂ የደኅንነትን ወሰን አያመለክትም።

ከተማዋን ለማወቅ በዕረፍት ቀንዎ ቴንጂንባሺሱጂ ይሂዱ። 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ጣሪያ ያለው የገበያ ጎዳና ነው። ለጎብኚ ተብሎ ከደመቀው የኩሮሞን ገበያ ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ የሰፈሩ ሰው እራቱን የሚገዛበት ነውና። አትክልት ሻጮቹ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን በሳህን ከምረው «ሂቶ ያማ» ይላሉ፤ ቃል በቃል «አንድ ተራራ» ማለት ሲሆን፣ የእኛው መደብ ነው። ቴንጂንባሺሱጂ 6 ቾሜ ከሚባለው ጣቢያ ወጥተው ወደ ደቡብ ይውረዱ፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ጀምሮ ፌስታል በክፍያ ስለሆነ ዘንቢል ይያዙ፤ ሳንቲምም አይርሱ።