ሙስካዴ ከምን ምግብ ጋር ይሄዳል?

እህቴ፣ «ለቅዳሜ እንግዶች ሙስካዴ ሴቭር ኤ ሜን ሱር ሊ የሚል ነጭ ወይን ገዝቻለሁ፤ ከአሳና ከዶሮ ወጥ ጋር ይሆናል? ምን ያህል ላቀዝቅዘው?» ላልሽው፦ ከአሳው ጋር ግሩም ነው፤ ከዶሮ ወጡ ጋር አታቅርቢው።

በመጀመሪያ፣ ሙስካዴ ሙስካ የሚባለው ጣፋጭ ወይን አይደለም። በስሙ ተታሎ ጣፋጭ የሚጠብቅ እንግዳ ሲጎነጨው ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም፤ ቀድመሽ ንገሪያቸው። የሚሠራው በፈረንሳይ፣ ሎዋር ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሊገባ ሲል፣ በናንት ከተማ ዙሪያ፣ ሜሎን ደ ቡርጎኝ ከሚባል የወይን ዘር ነው። በ1709 (እ.ኤ.አ.) ያ ከባድ ብርድ የአካባቢውን ተክል ሲፈጀው፣ ይህ ዘር ብርድ ስለሚችል ቦታውን ያዘ። አልኮሉ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ሽታው ቁጥብ፣ ኮምጣጣነቱ ጥርት ያለ። ሱር ሊ ከተባለ ደግሞ ክረምቱን ከነእርሾው አተላ ከርሞ፣ ከዚያው በቀጥታ የታሸገ ነው፤ ደንቡ ከመከሩ ቀጥሎ ካለው ማርች 1 በፊት ማሸግን ይከለክላል። አንዳንዴ ምላስ ላይ በስሱ የሚቆነጥጠው የቀረው ጋዝ ነው፤ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትደፊው። ከጠርሙሱ ሥር ስኳር የመሰለ ጠጠር ብታዪም የወይኑ የራሱ ጨው ነው፣ አይጎዳም።

ምግብ ስትመርጪ በሎሚ አስቢው፤ ሎሚ ብትጨምቂበት የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ ከሙስካዴ ጋር ይስማማል። የናንት ሰው ኦይስተር ከሚባል ጥሬ የባሕር ዛጎል ጋር ይጠጣዋል። የተጠበሰ አሳ፣ ሽሪምፕ፣ ትኩስ የፍየል አይብም ይሆናሉ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን ኮምጣጣነቱን ያጎላዋል፣ ወይኑም ውሃ ውሃ ይላል። ጣፋጭ ስጎም ያኮመጥጠዋል። ቀይ ሥጋማ ጭራሽ ይውጠዋል።

ለእንግዶችሽ እኔ የምመክረው ሙል ነው፣ ጥቁር ቅርፊት ያለው የባሕር ዛጎል። ለአራት ሰው 2 ኪሎ ግዢ። በቀዝቃዛ ውሃ አጥበሽ ከጎኑ የወጣውን ጭራ መሰል ነገር ንቀይ፤ ክፍት ሆኖ ሲነካ የማይዘጋውን ጣይው፣ ሞቷል። በሰፊ ድስት 40 ግራም ቅቤ አቅልጪ፣ ሦስት ትናንሽ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈሽ ሳይጠቁር አለስልሺ፣ 2 ዴሲሊትር (200 ሚሊ ሊትር) ከዚሁ ወይን ጨምረሽ ሲፈላ ዛጎሎቹን ጨምሪበት። በኃይለኛ እሳት፣ ተከድኖ፣ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፤ መሃል ላይ ድስቱን አንዴ ነቅንቂው። እንደተከፈቱ አውርጂ። ከቆየ እንደ ጎማ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ሳይከፈት የቀረውን አታቅርቢ። ጨው አትጨምሪ፣ ከዛጎሉ የሚወጣው የባሕር ውሃ ራሱ ይበቃል። በመጨረሻ ፓርስሊ መነስነስ ነው።

ቅዝቃዜው ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይሁን። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀምጪና ከመቅዳትሽ 10 ደቂቃ በፊት አውጪ፤ በጣም ከቀዘቀዘ ቀድሞውኑ ቁጥብ የሆነው ሽታው ጨርሶ ይጠፋል። ከቸኮልሽ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ አድርጊ፣ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። በረዶው ብቻውን፣ ያለ ውሃ፣ ጠርሙሱን በደንብ ስለማይነካው ይዘገያል። ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ ማሳደር ደግሞ ጠርሙስ ያፈነዳል።

ስትገዢ ዓመቱን እዪ፤ ተራው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል። ክሊሶን፣ ጎርዥ ወይም ለ ፓሌ የሚል መንደር የተጻፈበት ግን በአተላው ላይ ከአንድ ክረምት በላይ የቆየ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ እሱን ለክሬም ስጎ አሳ አቆዪው። የተከፈተውን ቡሹን መልሰሽ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ማቆየት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ለድስት ነው።