ሼኻችን እሱን አበለጡብኝ

አሰላሙ ዓለይኩም። የሼኻችንን ሀድራ (የዚክርና የዱዓ ስብስብ) ማገልገል ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ምንጣፍ የማነጥፈው፣ ቡና የማቀርበው፣ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ። አምና አንድ ልጅ መጣ። መንዙማ ሲል ሰው ያስለቅሳል። አሁን ከሼኻችን ጎን የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ሳቃቸውም ጨዋታቸውም ለእሱ ሆነ። ዚክር ላይ ምላሴ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ይላል፣ ዓይኔ ሼኻችን ማንን እንዳዩ ይጠብቃል። እንዲህ ሆኜ ከመሄድ ብቀር አይሻልም?
ኻዲሙ፣ ከደሴ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። አትቅር።

በ1244 እ.ኤ.አ. ሸምስ የሚባል ደርቪሽ (ተንከራታች ሱፊ) በዛሬዋ ቱርክ ወዳለችው ኮንያ ገባ። ጀላሉዲን ሩሚ ያኔ ስመ ጥር መምህር ነበሩ። ደረሶቻቸውን ትተው ከእሱ ጋር ብቻ መዋል ያዙ። ደረሶቹ ተንገበገቡ፤ ሸምስንም አስመርረው ወደ ደማስቆ እንዲሄድ አደረጉት። ምን አተረፉ? ሩሚ ይብሱን ራቋቸው። ልጃቸውን ልከው ሸምስን አስመጡት፤ ቅናቱ አገረሸ፤ እሱም ዳግመኛ ጠፋ፣ አልተመለሰም።

የጥንቱ ታላቅ ዓሊም ኢማም ገዛሊ «ኢሕያ» በተባለው ኪታባቸው ስለ ምቀኝነት ሲጽፉ ጣውንቶችን፣ በወላጅ ፍቅር የሚሻሙ ወንድማማቾችን፣ የአንድ መምህር ደረሶችን አብረው ያነሳሉ። በሰው ልብ ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይገፋል። አላህን በማወቅ ግን መገፋፋት የለም። እና ልጁ ምን ወሰደብህ? የሼኻችሁን ፊት። ይመርርህ ይሆናል፤ ግን እስካሁን ስታነጥፍ የነበረው ለማን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ።

ሼኻችሁም ቢሆኑ ከጥያቄ አያመልጡም። አንድ ሰሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ለአንድ ልጁ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሁኑልኝ ሲል፣ ለሌሎቹም እንዲሁ ሰጥተህ እንደሆነ ጠየቁት። አልሰጠሁም ሲላቸው ምስክር አልሆኑለትም። ልብ ወደ አንዱ ቢያደላ ማንም አያዘውም፤ ስጦታ ላይ ሲደርስ ግን ያስጠይቃል። ትምህርቱን ለእሱ ሰጥተው አንተን ከከለከሉህ በደል ነው። ሳቁን ግን ተወው።

ገዛሊ የሚያዝዙት መድኃኒት ከባድ ነው፤ ምቀኝነት «አድርግ» የሚልህን ነገር ተቃራኒ ማድረግ። ልጁ መንዙማ ሲጨርስ የመጀመሪያውን ስኒ ለእሱ ስጠው፣ አመስግነው። መጀመሪያ ላይ ማስመሰል ነው የሚመስልህ፤ ይምሰልህ። ሼኻችሁንም ብቻቸውን ስታገኛቸው ሕመምህን ንገራቸው። ሙሪድ (የሼኽ ተከታይ) ለሼኹ ካልነገረ ለማን ይነግራል? የልጁን ስም ግን እንዳታነሳ።