የክኒን ሽፋንና ቴራኸርዝ፦ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም እህቴ። ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ፋብሪካ እንደምትሠሪ ጽፈሻል። አንጀት ደርሶ እንዲሟሟ የተሸፈነው ክኒናችሁ በዲዞሉሽን ምርመራ (ክኒኑ ፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ በሚታይበት) ከ6ቱ ሁለቱ አሲድ ውስጥ መድኃኒቱን ይለቃሉ። ሽፋኑ በክብደት ሲለካ ግን ልክ ነው። ጥያቄሽ ቴራኸርዝ፣ ማለትም በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ባለ ጨረር የሚመረምር መሣሪያ፣ ያዋጣናል ወይ ነው።

እኔም እዚያው ሰፈር ኳሊቲ ኮንትሮል ነኝ። ውጭ ስማር በመሣሪያው ብዙ ሠርቻለሁ። ያንቺ ችግር ቴራኸርዝ ከሚጎብዝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

በጣም አጭር የጨረር ምት ወደ ክኒኑ ይላካል። ከፊሉ ከሽፋኑ ገጽ ይመለሳል፤ ከፊሉ ዘልቆ ሽፋኑና ውስጡ ከሚገናኙበት ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ውፍረቱን ይነግርሻል። 100 ማይክሮሜትር ሽፋን፣ የብርሃን ስብራት መጠኑ (ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ) 1.5 ከሆነ፣ ልዩነቱ 1 ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ነው። ክኒኑ አይቆረጥም፤ በኋላ ያንኑ ክኒን ዲዞሉሽን ውስጥ መክተት ትችያለሽ። ይህን ሌላ ዘዴ በቀላሉ አይሰጥሽም።

ክኒኑ ነጥብ በነጥብ ተለክቶ የውፍረቱ ካርታ ሲወጣ ጎኑንና ጠርዙን እዪ። ፊቱ ላይ ያማረ ሽፋን ጎኑ ላይ ሲሳሳ አይቻለሁ። የክብደት ጭማሪ አማካይ ስለሆነ ይህን ይደብቃል። አሲዱ ግን አማካይ አያውቅም፤ በሳሳው በኩል ይገባል። ለቀለም ብቻ የሚቀባ ስስ ሽፋን ከሆነ ግን አትድከሚ፤ ከ40 ማይክሮሜትር በታች ሲሆን ሁለቱ ምቶች ይደራረባሉ።

ሌላው ጥቅሙ የክሪስታል ዓይነት መለየት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ካርባማዜፒንን ውሰጂ። እርጥበት ሲያገኘው ውሃ ያዘለ ክሪስታል ይሆናል፤ እርጥበት የነካው ክኒን ከአቅሙ እስከ ሲሶው ሊያጣ ይችላል። ይህ ለታካሚ ቀላል ነገር አይደለም። ቴራኸርዝ የክሪስታሉን ንዝረት ስለሚያይ ቅርጾቹን ይለያቸዋል። ናሙናው ከፖሊኢትሊን ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይጠፈጠፋል። በክረምት ተጠንቀቂ፤ ውሃ ጨረሩን አጥብቆ ይውጠዋል። የመሣሪያው የናሙና ክፍል በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ካልተጠረገ 0.557 ቴራኸርዝ ላይ መስመር ይወጣል። እሱ የአየሩ እንፋሎት እንጂ መድኃኒትሽ አይደለም።

መድኃኒቱ ውስጥ ያለ ጥቃቅን ቆሻሻ ለማግኘት ግን ኤችፒኤልሲውን (የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያውን) አይተካም።

እና ግዙ ወይ? አሁን አትግዙ። ውድ ነው፤ ጥገናውም እዚህ ያስቸግራል። ከዚያው ባች (በአንድ ዙር ከተመረተው) ጥቂት ክኒን በስለታም ምላጭ ለሁለት ቁረጪና በማይክሮስኮፕ ፊቱንና ጎኑን ለኪ። ጎኑ ከሳሳ የኮቲንግ ፓኑን (ክኒኑ እየተሽከረከረ የሚሸፈንበትን ከበሮ) ፍጥነት፣ የጭነቱን መጠንና የርጭቱን አቅጣጫ ፈትሹ። እኩል ከሆነ ያን ጊዜ መሣሪያው ላለው ዩኒቨርሲቲ ናሙና መላክ ያስኬዳል። ስትልኪ ያለፉትንም የወደቁትንም ባቾች ላኪ፤ የወደቀው ብቻውን ማነጻጸሪያ የለውም። የማይክሮስኮፑን ፎቶ እዚሁ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።