ሠንጠረዡን ተዪው፣ የ«ቱ»ን ፓሴ ሳምፕል ያዢ፦ ስለ ሱብዦንክቲፍ አምፓርፌ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የፈረንሳይኛውን የሱብዦንክቲፍ አምፓርፌ (ከፍላጎት፣ ከጥርጣሬና ከመሳሰለው በኋላ የሚመጣው የግስ መልክ፣ በኃላፊ ጊዜው) ሠንጠረዥ በቃልሽ ይዘሻል፤ ስትጽፊ ግን «ኢል» (እሱ) እና «ኤል» (እሷ) ላይ ሁሌ ነጥብ ይቀነስብሻል፣ ከመደበኛው የወጡ ግሶች ላይ ደግሞ ግንዱ ይጠፋብሻል። ሱብዦንክቲፍ ፕሬዛንን (የአሁን ጊዜውን) እንደምታውቂ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ። የፈረንሳይኛ ፊደሎችን በፈረንሳይኛ ስማቸው ነው የምጠራቸው፦ «ኢ» ስል ነጥብ ያለባትን፣ «ዩ» ስል ከላይ ክፍት የሆነችውን፣ «ኧ» ስል ቃል መጨረሻ ላይ ድምፅ የማትሰጠውን ማለቴ ነው።

1. ሠንጠረዡን መሸምደድ አቁሚ። ይህ ጊዜ የራሱ ግንድ የለውም። የሚወጣው ከፓሴ ሳምፕል (በጽሑፍ ከሚሠራበት ተራ ኃላፊ ጊዜ) ነው፣ ከዚያም ውስጥ ከአንዱ መደብ ብቻ፦ ከ«ቱ» (አንተ/አንቺ)። «ቱ ፓርላ» መጨረሻው ላይ የማይነበብ ኤስ አለው። እዚያ ኤስ ላይ ሌላ ኤስ እና ኧ ስትቀጥዪበት «ክ ዠ ፓርላስ» ሆነ («ክ» ሱብዦንክቲፍን የምታስከትለው ቃል ናት፣ «ዠ» እኔ)። ሁለቱ ኤሶች የመጡት ከዚህ ነው፤ አንዱ የፓሴ ሳምፕሉ፣ ሌላው የመድረሻው። ከሁለቱ አንዱን ከጣልሽ በሁለት አናባቢ መካከል የቀረው ኤስ እንደ ዜድ ይነበብና «ፓርላዝ» ይሆናል፤ እንዲህ የሚባል ቅርጽ የለም። ከዚያ «ክ ቱ» ላይ መጨረሻው አንድ ኤስ ይጨምራል፤ «ክ ኑ ፓርላሲዮን» (እኛ)፣ «ክ ቩ ፓርላሲዬ» (እናንተ) ይቀጥላሉ፤ የብዙ ቁጥሩ «ኪል ፓርላስ» በኧ፣ በኤን እና በቴ ይዘጋል። ነጠላው «ኪል ፓርላ» ብቻ ሁለቱንም ኤሶች ጥሎ በቴ ያልቃል፣ አናባቢውም ላይ አክሳን ሲርኮንፍሌክስ (^) ይደፋል። እሱን ከዚህ በኋላ ቆብ ልበለው። ነጥብሽን የሚበላው እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

2. ግሶችን በአንፊኒቲፋቸው (በመዝገበ ቃላት ቅርጻቸው) አትመድቢ፣ በፓሴ ሳምፕል አናባቢያቸው መድቢ። አራት ቤት ብቻ ነው ያለው። የአ ቤት በኧ እና በኤር የሚያልቁትን ሁሉ ይይዛል፣ «አሌ»ም ሳይቀር፦ «ክ ዣላስ»። እዚህ ቤት የሚያሳስተው አጻጻፉ ነው። «ማንዤ» ከአ በፊት ኧውን አይጥልም፣ «ኮማንሴ» ደግሞ ከሴ ሥር ሴዲዩን (የምትንጠለጠለውን ጭራ) ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ድምፁ «ጋ» እና «ካ» ይሆናል። የኢ ቤት እነ «ፊኒር»፣ «ፓርቲር»፣ «ፕራንድር»፣ «ሜትር»፣ «ዲር»፣ «ፌር» እና «ቯር» ናቸው። የዩ ቤት «ኤትር»፣ «አቯር»፣ «ፑቯር»፣ «ሳቯር»፣ «ቩሏር»፣ «ዴቯር»፣ «ሊር»። አራተኛው ቤት የ«ቨኒር» እና የ«ተኒር» ነው፣ እነ «ደቨኒር» እና «ረተኒር»ን ጨምሮ፦ «ቱ ቫን»፣ «ክ ዠ ቫንስ»። ኤን ተጽፎ ሁለት ኤስ ሲከተለው ለዓይን ይከብዳል፣ ግን ትክክሉ እሱ ነው።

መድረሻውን አይቶ መገመት እዚህ አያዋጣም። «ኩሪር» እና «ሙሪር» በኢ እና በኤር አልቀው ሳለ የዩ ቤት ናቸው። «ፕሬቯር» እንደ «ቯር» ኢ ይይዛል፣ «ፑርቯር» ግን ዩ። «ቪቭር» ደግሞ «ቬኪዩ» ሆኖ ዩ ቤት ገባ፤ መጽሐፍ ውስጥ «ኢል ቪ» ካገኘሽ የ«ቪቭር» ፕሬዛን ነው ወይስ የ«ቯር» ፓሴ ሳምፕል የሚለውን የሚነግርሽ ዐረፍተ ነገሩ ነው። ግንዱ የጠፋብሽም በዚሁ ምክንያት ነው። «ኤክሪር»ን ከአንፊኒቲፉ ተነስተሽ ብታረቢው «ክ ዤክሪስ» የሚል የሌለ ነገር ይወጣሻል፤ ፓሴ ሳምፕሉ «ቱ ኤክሪቪ» ስለሆነ መልሱ «ክ ዤክሪቪስ» ነው። «ኔትር» «ናኪ»፣ «ክራንድር» «ክሬኚ»፣ «ኮንዲዊር» «ኮንዲዊዚ» ይላሉ። የ«ቱ» ፓሴ ሳምፕል ከሌለ ይህም ጊዜ የለም፤ «ኤክስትሬር»፣ «ሱስትሬር»፣ «ዲስትሬር» እና «ክሎር»ን በዚህ ጊዜ ለማርባት አትድከሚ፣ ሌላ ግስ ፈልጊ።

3. አሁን ወደ ቆቡ። ራስሽ የጻፍሽውን ዐረፍተ ነገር ልውሰድ፦ «ቢያን ኪል ፊዩ ማላድ፣ ኢል ቩሌ ኬል ቫን»፣ ማለትም ታሞ የነበረ ቢሆንም እሷ እንድትመጣ ይፈልግ ነበር። ጆሮ ምንም ስሕተት አይሰማበትም። ሁለቱም ግሶች ላይ ግን ቆብ የለም፤ ስለዚህ የጻፍሽው ሱብዦንክቲፍ ሳይሆን ተራ ፓሴ ሳምፕል ሆኗል። «ቢያን ክ» እና «ቩሌ ክ» ሱብዦንክቲፍ ግድ ይላሉ፤ ዩው ላይም ኢው ላይም ቆቡ መኖር ነበረበት። ኮምፒዩተር ላይ ያለው የፊደል አራሚም አይደርስልሽም፣ ምክንያቱም ቆብ ያለውም የሌለውም በየራሱ ትክክለኛ ቃል ነው። ቆቡ ጌጥ አይደለም፤ ድሮ እዚያ ይጻፍ የነበረ፣ ኋላ ድምፁ የጠፋ ኤስ ምትክ ነው። ሌሎቹ መደቦች ላይ ኤሱ ጎልቶ ይታያል፣ እዚህ ግን ከቴው በፊት ወድቆ ቆብ ሆኗል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዐረፍተ ነገሩን ወደ ብዙ ቁጥር ቀይሪው። «ኢል ፊዩር» ካስኬደ ፓሴ ሳምፕል ነው፣ ቆብ የለም። «ኪል ፊዩስ» ካለሽ ሱብዦንክቲፍ ነው፣ ቆቡን ድፊበት። በአንቺ ዐረፍተ ነገር «ቢያን ኪል ፊዩር» ማንም አይልም። «ዩ» ተብሎ የሚነበበው የ«አቯር» ቅርጽ ላይ ደግሞ ሌላ መፈተኛ ጨምሪ፦ ቦታው ላይ «ኦሬ» («ቢሆን ኖሮ» የሚለውን የ«አቯር» ቅርጽ) ማስገባት ከቻልሽ ቆብ አለው። «ኢል ዩ ፋሉ» «ኢል ኦሬ ፋሉ» ማለት ነው፤ ቆብ። «አ ፔን ዩቲል ፊኒ» ግን «ገና እንደጨረሰ» ነው፣ «ኦሬ» አይገባም፤ ቆብ የለም።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ግን «አፕሬ ክ» (ከ… በኋላ) ነው። «አቫን ክ» (ከ… በፊት) ሱብዦንክቲፍ ስለሚወስድ «አፕሬ ክ»ም መንታው ይመስላል፤ አይደለም። «አፕሬ ክ» ከተፈጸመ ነገር በኋላ ስለሚመጣ ኢንዲካቲፍ (ተራውን የግስ መልክ) ነው የሚወስደው፦ «አፕሬ ኪል ፊዩ ፓርቲ» ያለ ቆብ፣ «አቫን ኪል ፊዩ ፓርቲ» ከነቆቡ። ፈረንሳውያን ጋዜጠኞችም ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል፤ ጋዜጣ ላይ ስላየሽው ትክክል ነው አትበዪ።

«ፊኒር»ን የመሳሰሉት ላይ ደግሞ የፕሬዛኑና የአምፓርፌው ሱብዦንክቲፍ በአምስቱ መደቦች አንድ ናቸው። የሚለያዩት ነጠላው «ኢል» ላይ ብቻ ነው፦ ፕሬዛኑ «ኪል ፊኒስ»፣ አምፓርፌው «ኪል ፊኒ» ከነቆቡ። ስለዚህ እዚህ ግስ ላይ የሚያስጨንቅሽ ቅርጽ ያው አንዱ ብቻ ነው። ሁለት አፈንጋጮችንም ያዢ። «አይር» (መጥላት) ኢው ላይ ሁለት ነጥብ ስላለ ቆብ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ በነጥቦቹ ብቻ ይቀራል። «ክሯትር» (ማደግ) ደግሞ ከ«ክሯር» (ማመን) እንዲለይ ፓሴ ሳምፕሉ ላይም ሱብዦንክቲፉ ላይም በሁሉም መደቦች ቆብ ይዞ ይዞራል።

የ1990ው የአጻጻፍ ማሻሻያ ከብዙ ቃላት ኢ እና ዩ ላይ ቆብ አንሥቷል፣ ያንን ሰምተው ከግስም ላይ የሚያነሡ አሉ። ማሻሻያው ራሱ ፓሴ ሳምፕልንና ሱብዦንክቲፍን ለይቶ ትቷቸዋል፤ እዚያ ቆቡ እንዳለ ነው።

«የሞተ ጊዜ ነው፣ ዝለዪው» ለሚሉሽ ያለኝ መልስ ግማሽ ትክክል ናችሁ የሚል ነው። ንግግር ውስጥ የለም፤ ቡና እየጠጣሽ «ክ ኑ ፓርላሲዮን» ብትይ ያፈጡብሻል። በጽሑፍም ቢሆን ከ1976 ጀምሮ የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ዋናው ግስ ኃላፊ ሆኖ ሳለ ሱብዦንክቲፍ ፕሬዛን የጻፈ ተፈታኝ እንዳይቀጣ ፈቅዷል፤ «ኪል ቪየን» ብትጽፊ ይታለፍልሻል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚያድንሽ ፕሬዛን ከጻፍሽ ነው። አምፓርፌ ልትጽፊ ተነስተሽ ቆቡን ብትረሺ የሚጠብቅሽ ስሕተት ነው። ማንበብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የጻፉ ፈረንሳውያን ተጓዦችን ልታነቢ ብትገልጪ ይህ ጊዜ አያሳልፍሽም። ሳያውቁት የሚያልፉ «ቢሆን ኖሮ» የተባለውን «ሆነ» ብለው ይተረጉማሉ፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው።

ስትጽፊ በነጠላው ሦስተኛ መደብ ብቻ ተጠቀሚበት፤ ዛሬም የሚጽፉት ደራስያን አብዛኛውን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ኑ» እና «ቩ» ላይ ከደረሰብሽ ዐረፍተ ነገሩን አዙሪው፤ የሁለቱ ግሶች ባለቤት አንድ ከሆነ «አቫን ደ» ብለሽ አንፊኒቲፍ አስከትዪ፣ ጣጣው ያልቃል። አንድ አንቀጽ ውስጥ ግን ፕሬዛኑንና አምፓርፌውን አታቀላቅዪ፤ ከጀመርሽው በጀመርሽው ጨርሺ። ደርቀው የቀሩ አባባሎችን፣ እነ «ፊዩ ስ» (ቢሆንም እንኳ)፣ «ዲዩቲል» (ግድ ቢሆንበትም እንኳ)፣ «ፕሊዩ ታ ዲዩ» (እግዜር በወደደ)፣ እንዳሉ ያዣቸው፤ ሦስቱም ቆብ አላቸው።

ልምምዱን በወረቀት አድርጊው፦ በግራ አንፊኒቲፉን፣ መሐል የ«ቱ» ፓሴ ሳምፕሉን፣ በቀኝ «ክ ዠ» እና «ኪል»ን ብቻ። ሌሎቹን አራት መደቦች አትጻፊ፣ ራሳቸው ይመጣሉ። ኮምፒዩተር ላይ ቆቡን ማግኘት ካስቸገረሽ፣ በፈረንሳይኛው ሰሌዳ ከፔ ቀጥሎ በቀኝ ያለውን ቁልፍ ነክተሽ አናባቢውን ትጫኛለሽ። በእንግሊዝኛው ሰሌዳ ዊንዶውስ ላይ አልትን ይዘሽ በቀኝ በኩል ካሉት ቁጥሮች 0226 ለአ፣ 0238 ለኢ፣ 0251 ለዩ። ስልክ ላይ አናባቢውን ተጭነሽ ብትቆዪ ይወጣልሻል።